የጓዲት ዕንቁላሎች

«እልልልልል!»

አባይነሽ በሯ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች። ቀመር ደግሞ በአጥሩ መግቢያ፣ በአሮጌ ሻሽ የተሸፈነ ቅርጫት አቅፋ፣ ራሷን ግራና ቀኝ ትወዘውዛለች። ራስ መወዝወዝ በከተማችን በሮቤም ሆነ በጎባ «ተይ» ማለት ነው። አባይነሽ ግን ጎረቤቷ በደስታ የምትወዛወዝ መሰላት።

«እልልልልል! ጓዲት ዘር ተካች!»

«ያ አባይነሽ፣ ቆይ እስቲ፤ መጀመሪያ ቤት እንግባ» አለች ቀመር፤ «ያ» ስትል «አንቺ» ማለቷ ነው። ሁለት እጇ ቅርጫቱን ስለያዘ አፏን ልትይዝላት አልቻለችም።

«ለደስታ ደግሞ ምን ጓዳ ያስፈልገዋል!» ብላ አባይነሽ ሦስተኛውን ለቀቀችው።

እኛ ሰፈር እልልታ ብድር ነው። ዛሬ ያልመለሰች ሴት ነገ ልጇን ስትድር ብቻዋን እልል ትላለች። ስለዚህ ምክንያቱን የጠየቀ አልነበረም። ጎረቤታችን ጣይቱ የሳሙና አረፋ ከክንዷ ሳይወርድ በአጥሩ ሾልካ መጣች፤ ሌሎቻችንም ተከተልን፤ አብረን እልል አልን፤ ከዚያ በኋላ ነው «ምን ተገኘ?» ያልነው።

«ጫጩት!» አለች አባይነሽና ሻሹን ገለጠችው።

ቅርጫቱ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዕንቁላል ነበር። በእያንዳንዱ ላይ ቀመር ከሃያ ሦስት ቀን በፊት በከሰል ያሰመረችው መስመር አለ። አንዱ ተሰብሯል፤ ሽታው ከሁላችንም በፊት ጣይቱ ዘንድ ደረሰና አፍንጫዋን በአረፋማ እጇ ያዘች።

«የታሉ?» አለች አባይነሽ።

«የሉም።»

«እንዴት የሉም? ዐሥራ አንዱም?»

«ዐሥራ አንዱም» አለች ቀመር። «ውሃ ናቸው። ቤት እንግባ ያልኩሽ እሱን ልነግርሽ ነበር።»

  ቀድማ የተናገረችው ጣይቱ ናት፤ ዝም ማለት አይሆንላትም።

«እንግዲህ እጅ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ያደረገችውም ሁላችንም እስክንሰማት ድረስ ብቻ ነው። «ዕንቁላል ከዶሮ ሥር ያስቀመጠው እጅ ካልቀና፣ የንጉሥ ዶሮም ብትታቀፈው አይሆንም።»

ቀመር ዐይኗን አንስታ አባይነሽን አየቻት። ትክ ብላ አየቻት። አባይነሽ ትከሻዋ ላይ ምንም ያልሆነ ነጠላዋን አስተካከለች፤ የግራውን ጫፍ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ። አፏን ግን አልከፈተችም።

ቀመር ቅርጫቱን በሻሹ መልሳ ሸፈነችና ይዛ ወጣች።

ጓዲት ማን እንደሆነች ላላወቀ መንገር ይገባል። ነጭ የፈረንጅ ዶሮ ናት። በ1972 ዓ.ም. አባይነሽ የመሠረተ ትምህርት ፈተናውን ከቀበሌያችን ሴቶች አንደኛ ሆና ስታልፍ፣ ከሰርተፊኬቱ ጋር ተሸልማ ያመጣቻት ቄብ ነበረች። ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ቄቧ ግቢ ውስጥ ተለቀቀች። ደረቷን ነፍታ ስትሄድ ስብሰባ የረፈደባት ስለምትመስል «ጓዲት» ያልናት እኛው ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት ጣለች። አባይነሽም ያለ ዕረፍት አወራች። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ውሃም ይነሣ ስለ ወፍጮ፣ እጇን አውጥታ «የእኔ ጓዲት ግን…» ሳትል የቀረችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የፈረንጅ ዶሮ መጣል እንጂ መታቀፍ አታውቅም። የጓዲትን ዕንቁላል የሚታቀፉት የቀመር የአበሻ ዶሮዎች ናቸው። ቀመር ባሏ ከሞተ ወዲህ ዋነኛ መተዳደሪያዋ ይኸው ነው፤ የሰፈሩን ዕንቁላል ታስታቅፋለች፣ ከተፈለፈለው ጫጩት ግማሹ የእሷ ይሆናል። እሷ ሙስሊም ናት፣ አባይነሽ ክርስቲያን፤ በአንዷ ቤት የታረደውን ሌላዋ አትበላም። ዕንቁላል ግን ቢላዋ አይነካውምና ሁለቱን ቤት አንድ አድርጎ አኖራቸው።

ታዲያ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ጓዲት ልማዷን ተወች። መጀመሪያ ዕንቁላሏ ተጨማደደ። ቀጥሎ ቅርፊቱ ሳሳ፤ ሲነሡት ጣት ይገባበታል። ጥር ላይ አንድ ጠዋት አባይነሽ እጇን ወደ ዕንቁላል መጣያው ብትሰድ ቅርፊት የሚባል የሌለው፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ነገር መዳፏ ላይ ቀረ። ከዐቢይ ጾም በፊት እሱም ቆመ። ጓዲት በየጠዋቱ መጣያዋ ላይ ትወጣለች፣ ታምጣለች፣ ትካካለች፣ ባዶዋን ትወርዳለች። አባይነሽ የዕንቁላል ቅርፊት ፈጭታ አበላቻት፤ ኋላዋን በሞቀ ውሃ ነክራ ቅቤ ቀባቻት። ይህን ሁሉ በሯን ዘግታ ነው ያደረገችው።

በዚያው ሰሞን ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከጎባ መልእክት መጣ። ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል በሚዘጋጀው ኤግዚቢሽን የጓዲት ጫጩቶች አድገው ይቅረቡ ተባለ። አባይነሽ በስብሰባው ላይ እጇን አወጣች። እጇን ስታወጣ «አርጅታለች፤ አቁማለች» ልትል ነበር፤ በኋላ ራሷ እንደነገረችን። አፏ ላይ የደረሰው ግን «ከፋሲካ በኋላ አስታቅፋለሁ» የሚል ሆነ። ተጨበጨበላት።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ገበያ ወጣች። ከሚያውቋት ሴቶች ርቃ፣ ከጊኒር በጭነት መኪና ከመጣ ነጋዴ ፊት ተቀመጠች። በጤፍ ጭድ ውስጥ ከተቀበሩት ዕንቁላሎች ትልልቁንና ነጫጩን ለይታ ዐሥራ አንድ መረጠች፤ ለማስታቀፍ ጎዶሎ ቁጥር ነው ደጉ። ቤቷ ገብታ አንድ በአንድ በቀሚሷ ጠርዝ ወለወለቻቸው። «ዕንቁላል ዕንቁላል ነው» አለች ለራሷ። ወደ ማታ ለቀመር ስትሰጣት፣ «ጓዲት ዘንድሮ አምሮባታል» ብላ ጨመረችበት። ይህን መጨመር እንኳ ባላስፈለገ ነበር።

እንግዲህ የዚያን ዕለት ጠዋት እልል ያለችው የሐሰት አልነበረም። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ስትጸልይ ሰንብታ፣ የተሸፈነውን ቅርጫት ስታይ እግዜር ኃጢአቷን በጫጩት የሸፈነላት መስሏት ነው።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጣይቱ በአጥሩ በኩል አለፈች። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ብብቷ ሥር ይዛለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለቻት አባይነሽ።

«ዕንቁላሎቼ ናቸዋ፣ እትዬ! ከቀመር ሁለተኛ ዶሮ ሥር ሄጄ አወጣኋቸው። እርስዎ ዐሥራ አንድ ከስረው እኔ ዘጠኝ ልጨምር?»

«ስንት ቀናቸው?»

«ዐሥር።»

«አንቺ! ይቀዘቅዛሉ እኮ! ይሄ ካፊያ…»

«ብብቴ ይሞቃል» አለች ጣይቱ። «ደግሞ እኔ ብቻ መሰልኩዎት? ሠርከአዲስም ልትልክላት የነበረውን ዕንቁላል አስቀርታለች። እኔ እንግዲህ ሰው አላማም፤ ግን ስለ እጇ ስናገር እርስዎ ራስዎ ዝም አላሉም? ዝም ያሉት አውቀው አይደል?»

አባይነሽ «ዝም ያልኩት…» ብላ ጀመረች። እጇ ሳታዘው ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሄደ። ግራው ወደ ቀኝ፣ ቀኙ ወደ ግራ። ጣይቱ ብብቷን ጠብቃ መንገዷን ቀጠለች።

ጓሮ ስትዞር ጓዲት እንደ ዘበኛ ቀጥ ብላ ቆማለች። የራሷ ኩክኒ ነጥቷል፤ ሆዷ እንደ ሞላ ቅል ተንዘርጥጦ ወደ መሬት ወርዷል፤ ስትራመድ እግሮቿ ይራራቃሉ። አባይነሽ ብድግ አድርጋ ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻትና ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደች። ለምን እንደሄደች ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ምናልባት አንድ የተማረ ሰው «የጣለችው እሷ ናት፤ በሽታ ይዟት ነው ያልተፈለፈለው» ቢላት ፈልጋ ይሆናል።

የዶሮ ባለሙያው እሸቴ ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ብርዳችንን ገና ያልለመደ፣ ቢሮ ውስጥም ካፖርቱን የማያወልቅ ልጅ ነው። ጓዲትን ጠረጴዛው ላይ አስተኛት፤ ሆዷን በጣቶቹ ጫን ጫን አደረገ።

«ወይዘሮ አባይነሽ፣ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የጣለችው?»

«በቅርቡ ነው፣ ልጄ።»

«በቅርቡ ማለት?»

«እንትን… ከዐቢይ ጾም በፊት።»

እሸቴ እጁን ከዶሮዋ ላይ አላነሣም። «አምስት ዓመት ሆኗታል አይደል? ይህ እርጅና ነው። እነዚህ ዶሮዎች ብዙ ይጥላሉ፣ ቶሎም ይደክማሉ። አስኳሉ በደንቡ መውረጃውን ይዞ፣ ቅርፊት ለብሶ መውጣት ነበረበት። አሁን መንገዱን ስቶ ሆዷ ውስጥ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ውሃ ከዚያ የመጣ ነው።»

«በሞቀ ውሃ ነከርኳት እኮ። ቅቤም ቀባኋት።»

«የተቀረቀረ ዕንቁላል ቢሆን ጥሩ አድርገዋል። ይህ ግን አልተቀረቀረም፣ የለም።»

አባይነሽ የጓዲትን ክንፍ ትዳብሳለች። እሸቴ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ፤ አነበበው፤ መልሶ አየው።

«ከዐቢይ ጾም በፊት ነው ያሉኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ግን ለጎባ በጻፍኩት ሪፖርት፣ ከፋሲካ በኋላ ከጓዲት ዐሥራ አንድ ዕንቁላል ተታቅፏል ብያለሁ። እርስዎ እንደነገሩኝ።»

«ተጽፏል?»

«በሦስት ቅጂ።»

አባይነሽ ወለሉን አየች። ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ ጽሑፍ ስታይ ደስ ይላት ነበር፤ ያን ቀን ግን ፊደል ባልተፈጠረ ብላ ተመኘች።

«እሸቴ ልጄ» አለች ቆይታ፣ «አንድ ሰው… የገበያ ዕንቁላል ቢያስታቅፍ ይፈለፈላል?»

«ያ ሰው ከየት ገዛው?»

«ከጊኒር የመጣ ነው አሉ።»

እሸቴ ካፖርቱን ሰበሰበ። ፈገግታውን እንዳታይበት እንደሆነ ገብቷታል። «አውራ ዶሮ ካለበት ቤት ይሁን ከሌለበት አይታወቅም። ስንት ቀን እንደቆየ አይታወቅም። በመኪና ተንጧል፣ ፀሐይ መትቶታል። ለጥብስ ይሆናል። ለዚያ ሰው እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ፤ ዕንቁላሉን ያስቀመጠው እጅ ምንም ጥፋት የለበትም።»

«እነግረዋለሁ» አለች አባይነሽ። 

«እሷን ደግሞ አያሳርዷት፤ ሥጋዋ ለሰው አይሆንም። ባትጥልም የሚቀራትን ጊዜ እዚያው ግቢዎ ትቁጠር።»

ከጽሕፈት ቤቱ በቀጥታ ወደ ቀመር ቤት ሄደች። ጓዲት ብብቷ ሥር ናት። ቀመር ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ገብስ ትለቅማለች። ከበስተኋላዋ ጥጉ ላይ ሁለት ቅርጫቶች አሉ፤ በሁለቱም ላይ አንዳንድ ዶሮ ተቀምጣለች። ከሥራቸው ምንም የለም። የአንዷ ዐሥራ አንድ ውሃ ሆኖ ቀርቷል፤ የሌላዋን ዘጠኝ ጣይቱ ወስዳለች። ሁለቱም ግን ባዶ ጭድ ታቅፈው ሲመጡባቸው ላባቸውን ይነፋሉ።

«አልነሣም አሉ» አለች ቀመር ቀና ሳትል። «ሉኩ ሞኝ ናት። የሰጧትን ታምናለች።» ሉኩ የምትለው ዶሮን ነው።

አባይነሽ ሳትቀመጥ ተናገረች። በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው፤ «ቀመር፣ ዕንቁላሎቹ የጓዲት አልነበሩም፤ ጓዲት ካቆመች ቆይታለች፤ ከገበያ የገዛኋቸው ናቸው፤ ዋሸሁሽ።»

ቀመር አንዲት ጠጠር ከገብሱ አውጥታ ጣለች።

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«የሰጠሽኝ ዕለት ማታ አወቅኩ። አንዱ ላይ የጤፍ ጭድ ተለጥፎ ነበር። አንቺ መጣያ ውስጥ ያለው የገብስ ጭድ ነው። እኛ ጋ ጤፍ ከየት መጣ? ጤፍ የጊኒር ነው።» ሌላ ጠጠር ጣለች። «በሰባተኛው ቀን ደግሞ በበሩ ስንጥቅ ወደ ፀሐይ ይዤ አየኋቸው። ሕይወት ያለው ዕንቁላል እንደ ሸረሪት ድር የደም ክር አለው። የአንቺዎቹ ባዶ ነበሩ።»

«ታዲያ ለምን አላወጣሻቸውም? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባወጣቸው ሰፈሩ ለምን ወጡ ይላል። ምን ልበል? አባይነሽ ዋሽታለች ልበል?» አሁን ቀና አለች። «አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ሃያ ሦስት ቀን። በመጨረሻ ቅርጫቱን ሸፍኜ መጣሁ፤ ወላሂ፣ ሰው ሳያይ ጓሮሽ ገብተን ልንቀብራቸው ነበር። ነጎድጓድ አበላሸው እንላለን ብዬ ውሸቱንም አዘጋጅቼልሽ ነበር። አንቺ እልል አልሽ።»

አባይነሽ እንባዋ መጣ። ነጠላዋን ልትስብ ብላ ጓዲት ከለከለቻት፤ አንድ እጇ ዶሮ ይዟል።

«ይቅር በይኝ፣ ቀመር።»

«እሱ ቀላል ነው» አለች ቀመር። «እኔና አንቺ ብቻችንን ነን፣ ድምፅሽም ዝቅ ብሏል፣ አፉ ብዬሻለሁ። እልልታሽ ግን ገበያ ድረስ ነው የተሰማው።»

ከዚያ በኋላ ገብሷን መልቀም ቀጠለች።  ከቅርጫቱ ዶሮዎች አንዷ ጓዲትን ዐይታ ላባዋን ነፋች።

ዐሥር ሰዓት ላይ የቀበሌው ቦኖ ይከፈታል። በዚያ ሰዓት ሰፈራችን የሚገኘው እዚያ ነው፤ ጀሪካን ተራ ይይዛል፣ እኛ ወሬ እንይዛለን። ያን ዕለት ወሬው አንድ ብቻ ነበር። ሠርከአዲስ የቀመር ግቢ ውስጥ ጥቁር ድመት አይቻለሁ ትላለች፤ ጣይቱ ድመቱን ከነጭራቱ ተቀብላ ታሳድጋለች። እኔም አፌን ይዤ ነበር ብል ውሸት ነው።

አባይነሽ ያለ ጀሪካን መጣች። ጓዲትን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ በኋላ እንዳለችን ነጠላዋን እንዳታስተካክልበት እጇን አስይዛ መምጣቷ ነበር። ከኋላዋ ትንሽ ራቅ ብላ ቀመር ጀሪካኗን ይዛ ደረሰች። ሴቶቹ ለቀመር መንገድ ለቀቁ፤ የክብር አለቃቀቅ አልነበረም።

«እትዬ፣ ጓዲትን ሊያሳርዷት ነው እንዴ?» አለች ጣይቱ።

«አይደለም» አለች አባይነሽ።  «ስሙኝ እስቲ። ጠዋት እልል ያስባልኳችሁ… ዕንቁላሎቹ የእሷ አልነበሩም። ይህቺ ዶሮ አርጅታለች። ከዐቢይ ጾም በፊት ጀምሮ አንድም አልጣለችም። አፍሬ ነው ያልተናገርኩት። ገበያ ከጊኒር ነጋዴ ገዝቼ ነው የጓዲት ናቸው ብዬ ለቀመር የሰጠኋት። የቀመር እጅ ምንም የለበትም። እጅ ነው ካላችሁ፣ የኔ ነው። ጠዋት ጣይቱ ስትናገር ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ነገ ጎባ ሄጄ ስሜን ከኤግዚቢሽኑ አሰርዛለሁ።»

ውሃው የአንዷን ጀሪካን ሞልቶ ይፈስሳል፤ የሚዘጋው አልተገኘም። የአባይነሽ ፊት እስከ አንገቷ ቀልቷል፤ ጓዲት ብቻ ደረቷን ነፍታ ሁላችንንም ታየናለች። ጣይቱ እጇን ወደ ብብቷ ላከችው። ዕንቁላሎቹ እዚያው ነበሩ። ፊቷን ዐይተን መቀዝቀዛቸውን አወቅን።

ያም ሆኖ ጣይቱ ጣይቱ ናት፣ ተናዳም ቢሆን ሳትጠይቅ አታድርም፤

«ታዲያ እኛ ያን ሁሉ እልል ያልነው ለማን ነው?»

 ቀመር ጎንበስ ብላ የሞላውን ጀሪካን ገፋ አደረገችና የራሷን ከቧንቧው ሥር አስገባች።

«ለጊኒሩ ነጋዴ» አለች።